ጥቅምት ዜሮ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር። ሁለተኛው ላይ ስደርስ መብራት ሄደ። ስለዚህ ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ ጋር ቀረን። እዚህ ያሰፈርኩት በቃል ያልኩትን ነው። የተንዛዛውን ቆርጫለሁ፤ ቀልዶቹን ግን ትቻቸዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ?

መብራቱ ይምጣ አይምጣ አናውቅም፤ አንጠብቀው። ስላይዱ ላይ የነበረውም አብዛኛው የሳር ሜዳና የቀይ ጡብ ሕንፃ ፎቶ ነው። የአሜሪካ ኮሌጅ ሁሉ ፎቶው አንድ ዓይነት ነው። ምንም አላመለጣችሁም።

የተጠራሁት ሂሳብና ኮምፒውተር ሳይንስን በአንድ ትንሽ ኮሌጅ መማር ምን እንደሚመስል እንድነግራችሁ ነው። በአክስቴ ልጀምር። ልሄድ ስል አዘዞ ኤርፖርት ድረስ ሸኝታኛለች። በር ላይ ቆመን፣ “ለመሆኑ ምን የሚባል ትምህርት ቤት ነው?” አለችኝ። “ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ነው” አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ “አርት? ይሄን ሁሉ ባሕር የምታቋርጠው ስዕል ልትማር ነው?” አለች። አጠገባችን የነበረው ጥበቃ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን የምመልስላት አልነበረኝም። በዚያን ጊዜ የማውቀው ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠታቸውን ብቻ ነው።

አሁን ቢሆን እንዲህ እላት ነበር። “አርትስ” እዚህ ላይ ስዕል አይደለም፤ ጥበብ ማለት ነው። በድሮ አውሮፓ የተማረ ነፃ ሰው ሊያውቃቸው ይገባል የሚባሉ ሰባት ጥበባት ነበሩ። ሦስቱ የቃል ናቸው፦ ሰዋስው፣ አመክንዮና የንግግር ጥበብ። አራቱ የቁጥር ናቸው፦ ስሌት፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና የከዋክብት ጥናት። ቁጠሩ እስኪ። ከሰባቱ አራቱ ሂሳብ ነው። ሙዚቃ እንኳ የገባው በቁጥር በኩል ነው፤ ክሩን እኩሌታው ላይ ከያዝከው ያው ድምፅ ቀጥኖ ይመጣል። መሲንቆ የሚመታ ሰው ይህን በጣቱ ያውቀዋል። እና አክስቴ፣ ስዕል ልማር አልሄድኩም። ሂሳብ ከመጀመሪያውም የዚያ ቤት ልጅ ነው።

እኔ የተማርኩበት ሚኒሶታ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። ተማሪው በጠቅላላ ሁለት ሺህ አይሞላም። ማራኪ ካምፓስ በምሳ ሰዓት የሚሰለፈው ከዚያ ሳይበልጥ አይቀርም። ማስተርስ የለም፣ ዶክትሬት የለም፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ። ይህች አንድ ነገር ሁሉንም ትቀይራለች። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ብትገባ ፕሮፌሰሩ አዳራሽ ሞልቶ ያስተምርሃል፤ የቤት ሥራህን የሚያርምልህ ግን የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ የሚያርምህ ራሱ ፕሮፌሰሩ ነው። የእጅ ጽሑፍህን ይለየዋል። አንድ ቀን ብትቀር “አሞህ ነበር ወይ?” የሚል ኢሜይል ይመጣልሃል። መጀመሪያ ደስ ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ነው መደበቂያ እንደሌለህ የሚገባህ።

በአራት ዓመት 32 ያህል ኮርስ ትወስዳለህ። ከዚያ ውስጥ የራስህ መስክ ሲሶ ያህሉ ነው። መስክህን የምትመርጠውም ሁለተኛ ዓመት ሲያልቅ ነው፤ ምደባ የሚባል ነገር የለም። ሌላው ኮርስ ከየትም ከየትም ነው። እኔ ፍልስፍና ወስጃለሁ፣ የአፍሪካ ታሪክ ወስጃለሁ፣ አንድ ሴሚስተር ሸክላ ሠርቻለሁ። የሠራሁት ጀበና ያፈስሳል። ወለቃ ያሉ ሴቶች ቢያዩት ይስቁብኛል።

እናንተም ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ፍሬሽማን ላይ ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ ይጠብቃችኋል። “ሶፍትዌር ልማር መጥቼ አንትሮፖሎጂ ምን ያደርግልኛል?” የሚል ልጅ አትጡ። ቅሬታው ይገባኛል። እኔም ፍልስፍናውን የወሰድኩት ሰዓቱ ስለተመቸኝ ነበር። ግን እዚያ ነገሩ የአንድ ዓመት ጣጣ አይደለም፤ እስክትመረቅ ድረስ አብሮህ ይሄዳል። ደግሞ ከፍልስፍና ክፍል የመጣው ልጅ ፕሮግራሚንግ ክፍል ውስጥ አጠገብህ ይቀመጣል። የዛሬው ታሪኬ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። ከኋላ የተቀመጡት አባት ፈገግ ሲሉ አየሁ። አባባ፣ ምን ልል እንደሆነ ሳይገባዎት አልቀረም። ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ “ይቆጥራል” ነው የሚባለው። ብቻውን ሲቆጥር ያመሻል፤ ከዚያ ጓደኞቹ ባሉበት ለየኔታ ይነግራል። የኔታ “ይህ አይሄድም” ብለው ያርሙታል። ሁሉም ይሰማል። መደበቅ የለም። እኔ ሚኒሶታ ሄጄ ያገኘሁት አዲስ ነገር መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው፣ ይህ አሠራር ያደግሁበት ሰፈር ከቤታችን አጥር ማዶ ነበር።

እሺ፣ ታሪኩ። ነሐሴ 2005 ገባሁ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ የፕሮግራሚንግ መግቢያ ወሰድኩ። 14 ልጆች ነን። ግማሾቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ኮምፒውተር ሲነካኩ ያደጉ ናቸው። እኔ የማውቀው ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ የሚከፈልበትን ነው። አንድ ቀን ፕሮፌሰሯ ስለ ቀን አቆጣጠር የሆነ ነገር የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፉ አሉን። (እዚያ ፕሮፌሰርን በስም ነው የሚጠሩት። አፌን ለማስለመድ ዓመት ፈጅቶብኛል። በአማርኛ ሳወራ ግን አንቱ ካላልኳቸው አይሆንልኝም።) ሌላው ልጅ ጳጉሜን የመሰለ ነገር ስለሌለው ዓመቱ ባለ 366 ቀን ይሁን አይሁን የሚለይ ፕሮግራም ይጽፋል። እኔ ፋሲካና አጽዋማት የሚወጡበትን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ እጽፋለሁ አልኩ። አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ልጅ እያለሁ በጣታቸው ቆጥረው ፋሲካን ሲያወጡ እያየሁ ነው ያደግሁት። ለእኔ ሂሳብ ማለት መጀመሪያ እሱ ነበር።

ሰሌዳው ላይ ላውጣው። የምታውቁት ታገሱኝ።

2017ን እንውሰድ። 5500 ስንጨምርበት ዓመተ ዓለም፣ ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው፣ 7517 ይሆናል። ለ19 አካፍሉት፤ 395 ደርሶ 12 ይተርፋል። ከተረፈው 1 ቀንሱ፤ 11። ይህ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 አባዙት፤ 121። በ30 ግደፉት፣ ማለትም 30 30ውን ጣሉለት፤ 1 ይቀራል። ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩን ደግሞ በ19 አባዙት፤ 209። በ30 ሲገደፍ 29። ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓሉ፣ በዓለ መጥቅዕ፣ በመስከረም ይውላል፤ ካነሰ በጥቅምት። ስለዚህ መስከረም 29። በ2017 መስከረም 29 ረቡዕ ነበር። እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ፣ ማለትም የሚደመርለት ቁጥር፣ አለው፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7 እያለ እስከ ዓርብ 2 ይወርዳል። የረቡዕ 4 ነው። 29 እና 4፣ 33። በ30 ሲገደፍ 3። ይህ መባጃ ሐመር ነው፤ የነነዌ ጾም የምትገባበት ቀን። መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ነነዌ በጥር ትገባለች፤ ድምሩ ከ30 ካለፈ ግን ወደ የካቲት ትሻገራለች። ጥቅምት ላይ ከዋለም የካቲት ነው። እንግዲህ ነነዌ የካቲት 3። ከዚያ 69 ቀን ቁጠሩ። ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ።

አስታወሳችሁ? ልክ ነው፣ በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር።

ይህንን ሁሉ ኮድ አደረግሁት። ከአጎቴ ጋር ያወጣናቸውን ዓመታት እያስገባሁ ሞከርኩት፤ ይሠራል። ክፍል ውስጥ በፕሮጀክተር አሳየሁ። ኮራሁ፤ ማን ይችለኛል! ከዚያ ፕሮፌሰሯ፣ “በእናንተ አቆጣጠር ዘንድሮ ስንት ነው? እስኪ የዘንድሮውን” አሉኝ። 2006 ብዬ ጻፍኩ።

7506 ለ19፣ 395 ደርሶ 1 ተረፈ። 1 ሲቀነስ 0። ወንበር 0። አበቅቴ 0፣ መጥቅዕ 0። 0 ከ14 ያንሳል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ግድግዳው ላይ በትልቁ፣ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 0 ቀን ይውላል ብሎ ጻፈ።

ያ የፍልስፍና ልጅ አጠገቤ ነው። “ጥቅምት ዜሮ ሥራ አለ ወይስ ዝግ ነው?” አለ። ክፍሉ ተንከተከተ።

እኔ ግን ታች ያለውን መስመር አየሁ። ፋሲካ ሚያዝያ 12 ይላል። የ2006 ፋሲካ ደግሞ በእርግጥ ሚያዝያ 12 ነው፤ ካሌንደር ላይ አይቼዋለሁ። ፕሮግራሙ ጥቅምት 0ን ሐሙስ ነው ብሎ አስልቷል፣ የሐሙስ ተውሳክ 3 ነው፣ 0 እና 3፣ 3፣ የካቲት 3፣ 69 ሲደመር ሚያዝያ 12። “መልሱ ልክ ነው!” ብዬ ድርቅ አልኩ። ፕሮፌሰሯ ቁጣም ሳቅም በሌለው ድምፅ፣ “ልክ የሆነው በዕድል ነው ወይስ ሁልጊዜ ይሆናል?” አሉኝ። ዝም አልኩ። “ረቡዕ ሰሌዳ ላይ ታስረዳናለህ” አሉ።

አያችሁ፣ ከ200 ልጅ ጋር ብማር ኖሮ መልሱ ልክ ስለሆነ ሙሉ ነጥብ አግኝቼ እሄድ ነበር።

ማታ አጎቴ ጋ ደወልኩ። እዚህ ሊነጋጋ ነበር። “ጋሼ፣ መጥቅዕ ዜሮ ሲመጣ ምን ይደረጋል?” አልኳቸው። “አልቦ ሲሆን 30 ትለዋለህ” አሉ። “ለምን?” አልኩ። ዝም አሉ። እኛ ቤት መሪጌታን ለምን ብሎ መጠየቅ አልተለመደም። ከዚያ እንደ መሳቅ ብለው፣ “አንተ ልጅ፣ ጥቅምት ባዶ ማለት መስከረም 30 አይደል እንዴ? ቤት ቀየረ እንጂ ቀኑ ያው ነው” አሉኝ።

ይኸው ነው። ማረጋገጫው ማለት፣ እኛ ፕሩፍ የምንለው፣ እሳቸው ዘግቼ እንድተኛ በሁለት ዐረፍተ ነገር የነገሩኝ ነው። መጥቅዕን 30 ካልከው መስከረም 30፣ ሐሙስ፣ 30 እና 3፣ 33፣ በ30 ተገድፎ 3፣ ወር ተሻግሮ የካቲት። 0 ካልከው ጥቅምት 0፣ ያው ሐሙስ፣ 0 እና 3፣ 3፣ የካቲት። አንዱ 30ውን መጨረሻ ላይ ይጥለዋል፣ ሌላው መጀመሪያ ላይ። ከጣልክ ወር ትሻገራለህ። ስለዚህ ዕድል አይደለም፤ ሁልጊዜ ይሆናል።

ረቡዕ ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ይህን አልኩ። የጨረስኩ መስሎኝ ልቀመጥ ስል የፍልስፍናው ልጅ እጁን አወጣ። “11 ለምንድነው? 19ስ?” አለ። ሳስተውለው፣ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ በ11 ሳባዛ ለምን በ11 ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሌላ ሳምንት ሄደ። 11ዱ ቀላል ነው፦ የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ 354፤ በየዓመቱ ጨረቃ 11 ቀን ትቀድማለች። 19ኙ ግን ሁለት ናቸው፤ ይህን ነው ያላወቅሁት። ዓመተ ዓለምን የምናካፍልበት 19፣ ፀሐይና ጨረቃ በ19 ዓመት አንዴ ተመልሰው ስለሚገናኙ ነው፤ 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ወንበሩን የምናባዛበት 19 ግን ሌላ ነው። እሱ ከ30 ላይ 11 ሲቀነስ የሚቀረው ነው! ስማቸው አንድ፣ ሥራቸው ለየቅል። አበቅቴና መጥቅዕ ምንጊዜም ተደምረው 30 የሚሆኑትም ለዚህ ነው። 11 እና 19፣ 30።

ሌላዋ ልጅ ደግሞ፣ “ከ14 በላይ፣ ከ14 በታች አልክ። 14 ራሱ ቢመጣስ?” አለች። ይህችን ወደድኳት። ወንበር ከ0 እስከ 18 ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጥቅዕም 19 ዓይነት ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ ሁሉንም አወጣኋቸው። 13 አለ፣ 15 አለ፣ 14 የለም። የጥንቶቹ ሰዎች ደንቡን ሲያወጡ ክፍተት የተዉ ይመስላል፤ አልተዉም።

ከዚያ ወዲህ ሂሳብና ኮምፒውተር ለእኔ ሁለት ትምህርት መሆናቸው ቀረ። ኮድ ስትጽፍ ዜሮ ቢመጣስ፣ 14 ቢመጣስ ትላለህ። ፕሩፍ ስትጽፍም ያንኑ ትላለህ። ሁለቱም ለሌላ ሰው ማስረዳት ነው። ለማሽን ማስረዳት አንዱ፣ ለጠርጣራ ጓደኛ ማስረዳት ሌላው። ጓደኛው ይከብዳል።

የቀረውን ኮርስ ብዘረዝርላችሁ ትሰለቻላችሁ፤ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ዳታ ስትራክቸር፣ አልጎሪዝም፣ እዚህም የምታገኟቸው ናቸው። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ማታ ማታ ታናናሾቼን በማስጠናት በሰዓት ይከፈለኝ ነበር። የውጭ ተማሪ ትምህርት ባለበት ጊዜ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀድለታል። በደንብ የተማርኩት ያኔ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስለሌለ ሥራው ለእኛ ይደርሳል።

“ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ የት ይደረሳል?” የምትሉ አላችሁ። ሮበርት ኖይስን ልንገራችሁ። አይዋ ውስጥ ግሪኔል የምትባል ትንሽ ኮሌጅ አለች። እዚያ ሂሳብና ፊዚክስ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1949 ተመረቀ። ትራንዚስተር የተፈለሰፈው በ1947 መጨረሻ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ግራንት ጌል ወሬውን እንደሰማ ጽሑፎቹን አስመጣ፤ መምህርና ተማሪ አብረው አጠኑት። መምህሩም ገና አያውቀውማ! በ1959 ኖይስ በአንድ ቁራጭ ሲሊከን ላይ ሙሉ ሰርኪዩት የመሥራት ሐሳብ አመጣ፤ በ1968 ከጎርደን ሙር ጋር ኢንቴልን አቋቋመ። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ቺፕ የልጅ ልጁ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ጨዋ ልጅ ተማሪ ሳለ ለግብዣ ብሎ ከጎረቤት ገበሬ አሳማ ሰርቆ ለአንድ ሴሚስተር ተባሯል። እኛ አገር ቢሆን ስርቆቱ ይቀርና አሳማ መብላቱ ብቻ ያስባርረው ነበር። ያዳነው ያው መምህሩ ነው፤ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ሆነው ለመኑለት። መምህርህ በስም ሲያውቅህ ጥቅሙ እዚህም ላይ ነው።

ሌላው ዳርትመዝ ነው። ከእነዚህ ትልቅ ነው፤ ግን ራሱን ኮሌጅ ብሎ ነው የሚጠራው። ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ የሚባሉ ሁለት የሂሳብ መምህራን ነበሩ። ከተማሪዎቻቸው ሳይንስና ኢንጂነሪንግ የሚያጠናው ሩብ ያህሉ ነው። እነሱ ግን ኮምፒውተርን ለቀሪዎቹም እናድርስ አሉ፤ ነገ አገር የሚመሩት እነዚያ ናቸው ብለው። ለዚህ ቤዚክ የሚባለውን ቋንቋ ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1964፣ በፈረንጅ ሰዓት ከሌሊቱ 4 ላይ፣ በእኛ 10 መሆኑ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ። ብዙ ሰው በአንድ ኮምፒውተር እንዲጠቀም የሚያደርገውን ሥርዓት በብዛት የጻፉት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። ዕድሜያቸው ከእናንተ ብዙም አይርቅም።

ሴቶቹ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው ሃርቪ መድ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. እስከ 2006 አካባቢ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቹ ሴቶቹ 10 በመቶ ያህል ነበሩ። በአምስት ዓመት ገደማ ወደ 40 በመቶ ደረሱ። ከሠሯቸው ነገሮች አንዱን ልንገራችሁ። መግቢያውን ኮርስ ለሁለት ከፈሉት፤ ፕሮግራሚንግ የነካካና ያልነካካ ተለያዩ። ለካ ችግሩ ችሎታ አልነበረም። ፊት የተቀመጡ ሁለት ሦስት ልጆች ገና ሳይጠየቁ ይመልሳሉ፣ ሌላው ‘እኔ ብቻ ነኝ የማላውቅ’ ብሎ ይወጣል። እኔ ራሴ ያንን አውቀዋለሁ። እናንተም ክፍል ያ ልጅ አለ። እየሳቃችሁ ወዴት እንደምታዩ እያየሁ ነው።

መጥፎውንም ልንገር፤ አለበለዚያ ደላላ እሆናለሁ። ትንሽ ዲፓርትመንት ማለት ትንሽ ኮርስ ማለት ነው። ኮምፓይለር የሚባለው ኮርስ በሁለት ዓመት አንዴ ነበር የሚሰጠው፤ በእኔ ዓመት ሲሰጥ ከሌላ ጋር ተጋጭቶብኝ ሳልወስደው ተመረቅሁ። እስካሁን ይቆጨኛል። አንድ መምህር ከጠላህ ሌላ መሸሻ የለህም፤ አራቱንም ዓመት እሱው ነው። ብርዱን ተዉት። ደባርቅ በርዶኛል የሚል ሰው ሚኒሶታን በጥር ይየው። ደግሞ ተመልሰህ ስትመጣ የኮሌጅህን ስም የሚያውቅ የለም። “ሃርቫርድ ነው?” ይሉሃል። “አይ።” “እና?” ይሉሃል።

ገንዘቡ ከሁሉም ይከብዳል። ሙሉ ዋጋው በብዙዎቹ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ወደ ብር አትለውጡት፤ ዛሬ ማታ እንቅልፍ ይነሳችኋል። ለውጭ ተማሪ እርዳታ የሚሰጡ አሉ፤ ግን አብዛኞቹ ስንት እንደምትፈልግ አይተው ነው የሚቀበሉህ። አምኸርስትና ቦውዶይን የውጭ ተማሪንም ቢሆን አቅሙን ሳያዩ ይወስናሉ፤ መግባቱ ግን በጣም ጠባብ ነው። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ በምትኩ ተማሪው ሁሉ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። ማመልከቻው ለብዙዎቹ በኮመን አፕ፣ በአንድ ፎርም ለብዙ ኮሌጅ በሚያመለከቱበት ድረ ገጽ፣ በኩል ነው፤ የመዝጊያው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ገና ሰሞን ነው። የማመልከቻ ክፍያ ካልቻላችሁ ይቅርልኝ ማለት ይቻላል፤ ነውር የለውም። ቪዛው የራሱ ጣጣ አለው፤ ደንቡ ስለሚቀያየር ከእኔ አፍ አትውሰዱ፣ ከኤምባሲው ገጽ ራሳችሁ አንብቡ። “እኔ አስጨርስላችኋለሁ” የሚል ሰው ከመጣ ግን ሂዱ በሉት። አንድ ጓደኛዬ በዚህ ተበልቷል፤ ሰውዬው ያደረገለት ነገር ቢኖር በነፃ የሚሞላውን ፎርም መሙላት ነው፤ እሱንም ስሙን አሳስቶ።

ለማይሄደውስ? አብዛኞቻችሁ አትሄዱም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን ከነገርኳችሁ ውስጥ ትልቁ ነገር አውሮፕላን አይፈልግም። አምስት ልጅ ሁኑ። ጠመኔ ያዙ። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንዱ ተነስቶ አንድ ጥያቄ ያስረዳ፤ አራቱ “ለምን?” ይበሉት። መልሱ ልክ ነው ብሎ መቀመጥ የለም።

ጥያቄ አለ?

ብዙ ጥያቄ መጣ። አንዱ ላፕቶፕ ከሌለኝስ አለ፤ የመጀመሪያውን ፕሮግራሜን በወረቀት ጽፌ ነው ወደ ላብ የወሰድኩት አልኩት። አንዷ ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ግዴታ ነው ወይ አለች፤ እንደ ኮሌጁ ነው፣ የእያንዳንዱን አንብቢ አልኳት። ከዚያ ከኋላ የተቀመጡት አባት በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ጥያቄ የላቸውም። “እንግዲህ ልጆቹ የመጪውን ዓመት ያውጡና እንያቸው” አሉ።

አንድ ልጅና አንዲት ልጅ ወጡ። 2019። ሰሌዳውን እኩል ተካፈሉት። 7519፣ ለ19፣ 14 ተረፈ፣ ወንበር 13። አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7። እስከዚህ አንድ ናቸው። 7 ከ14 ያንሳል፤ ጥቅምት 7። ልጅቷ መስከረም 1 ዓርብ መሆኑን ከስልኳ አይታ፣ በጣቷ ቆጥራ፣ ቅዳሜ አለች። ተውሳክ 8፣ ድምር 15። ልጁ ነነዌ ጥር 15 ብሎ ጻፈ። እሷ የካቲት 15 ብላ ጻፈች።

አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ላይ ቤትና ታች ቤት ሆነ። ልጁ፣ “15 ከ30 አላለፈም፤ ስለዚህ ጥር ነው” ይላል። እኔ አፌን ያዝኩ። አባትየውም ዝም አሉ። ልጅቷ ትንሽ ቆመች። ከዚያ፣ “ነነዌ የምትገባው ሰኞ አይደለም እንዴ?” አለች። ከመስከረም 1 እስከ ጥር 1፣ 120 ቀን። ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ጥር 1 ቅዳሜ፣ ጥር 15ም ቅዳሜ። “አይሆንም” አለች። 150 ቀን፣ 3 ይተርፋል። የካቲት 1 ሰኞ፣ የካቲት 15 ሰኞ።

ልጁ ጥር የሚለውን በመዳፉ አጠፋና 69 መቁጠር ጀመረ። ሚያዝያ 24 ላይ ሲደርስ መብራት መጣ። አስተባባሪው ሰዓት አልቋል አለ።